ጎታ፣ ጉድጓድና የራሽን ካርድ

እዚህ አገር የተወለዳችሁ ልጆቻችን ስለ መንገዱ ስትጠይቁን፣ የምትጠይቁት ስለ ሽፍታው፣ ስለ ሌሊቱ ጉዞና ስለ አውሮፕላኑ ነው። ስለ እህሉ የሚጠይቅ የለም። ምን ስንቅ ይዛችሁ ወጣችሁ? ማን ሰፈረው? ሲያልቅስ ማን አካፈለው? ይኸን የጠየቀኝ ልጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ ብዙው ሰው የሞተውም የተረፈውም በዚህ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ጀግንነት አልጽፍም። ስለ ቁና፣ ስለ ጎታ፣ ስለ ውሃና ስለ ስም ዝርዝር ነው የምጽፈው። የተማርኩት በመንደራችን ከቄሱ እግር ሥር ተቀምጬ ነው፤ ኦሪቱን በግዕዝ፣ ፊደሉን በአማርኛ። ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም። ፊደል በመቁጠሬ ግን በየደረስንበት የሰው ስም ጻፍ እየተባልኩ ኖሬአለሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ግማሹ የመጣው ከዚያ ነው።

ከክፉ ቀን ልጀምር። ክፉ ቀን ማለት በእኛ ዘንድ እንዲያው ማንኛውም ችግር አይደለም፤ ስም ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ረሃብ ስሙ ክፉ ቀን ነው። መጀመሪያ ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ። ቤት ያራቆተን በሽታ «ደስታ» ብለው መጥራታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገባ ይባላል። በሬ ሲያልቅ ሞፈር የሚጎትት ጠፋ፤ መሬቱ ጦሙን አደረ። በዚያ ላይ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተደራረበ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው፣ በሬ ያጣው ሕዝብ በእጁ ይቆፍር ብለው አሳይተዋል። በእኛ በጎንደር በኩል ደግሞ በዚያው ሰሞን ድርቡሽ ገብቶ ከተማውን አቃጠለው፤ በዓመቱ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ጦር ባለፈበት አገር እህል አይተርፍም። የወዳጅ ይሁን የጠላት፣ ጦር በላተኛ ነው።

አያቴ በክፉ ቀን ልጅ ነበረች። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናትና ወሬውን ሁሉ ከሷ ነው የሰማሁት። የምታወራው ግን ስለሞቱት አልነበረም፤ ስለ ሸክላ ነበር። እናንተ እንደምታውቁት፣ ካላወቃችሁም እወቁት፣ እኛ ርስት አልነበረንም። የሰው መሬት አርሰን ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ ርስቱ እንሰጥ ነበር። የጎደለውን የሚሞላው እጃችን ነው፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። የድስት ዋጋው ድስቱ የሚይዘው እህል ነው። ገዢዋ እህሉን አምጥታ ድስቱ ውስጥ ትሞላለች፣ እህሉን ለሠሪዋ ትገለብጣለች፣ ባዶውን ድስት ይዛ ትሄዳለች። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ አታላይ የለበትም። ታዲያ ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ሆነ? ወጥ የሌላት ሴት ድስት ምን ያደርግላታል? በሬ የሌለው ገበሬ ማረሻ ምን ያደርግለታል? አያቴ እንዳለችው እናቷ ሠርታ የደረደረችው እንስራ፣ ማድጋና ድስት ደጁን ሞልቶት ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን የሚፈጭ አንድ እፍኝ አልነበረም። ገበሬው እህሉ ሲጎድል የተራበው የመጨረሻ ነው፤ የእጅ ሥራ አዳሪው ግን ገና ገበሬው ኪሱን ሲያጠብቅ ነው የሚራበው። ረሃብ በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም።

ከወገናችን እጅግ ብዙው በዚያ ዘመን አለቀ። ከተረፈው ደግሞ እህል ወዳለበት ተበተነ፤ እህል ለመብላት ሲል እምነቱን የለወጠም አለ። ፋይትሎቪች በፈረንጅ በ1904 ወደ አገራችን ሲመጣ ያገኘው የዚያን ትራፊ ነው። እነዚህን የለወጡትን ሰዎች ሰው ሲሰድባቸው አያቴ ትቆጣ ነበር። «አንተ ጎታህ ሙሉ ነው» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

እንግዲህ እኔ ተወልጄ ያደግሁበት ሥርዓት ከክፉ ቀን የተረፉት ሰዎች ያጸኑት ነው። መንደራችን ወገራ ውስጥ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የአንድ ቀን መንገድ። በእያንዳንዱ ቤት እህል ሦስት ቦታ ይቀመጥ ነበር። የዕለት የዕለቱ በጎታ ነው። ጎታ ማለት ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተደርጎ በቤት ውስጥ የሚቆም፣ ከሥሩ በውታፍ የሚደፈን ቀዳዳ ያለው ነው። እናቴ ውታፉን ነቅላ የዕለቱን ትቀዳለች፣ መልሳ በእበት ትመርገዋለች። ሁለተኛው ዘሩ ነው፤ እሱ ለብቻው በትንሽ ጎታ፣ ወይም በስልቻ ከጣሪያው ሥር ጭስ እያገኘው ይቀመጣል። ዘር አይበላም። ልጅ ቢያለቅስም አይበላም። ይኸን ስጽፍ ጨካኞች ነበሩ እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ዘሩን የበላ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ልጁንም ራሱንም አይመግብም፤ አዋቂዎቹ ይኸን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛው ጉድጓድ ነው። ስለ ጉድጓድ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚያውቀው ሰው እያለቀ ነው። ውሃ የማይቋጥር ከፍ ያለ ቦታ ተመርጦ ይቆፈራል፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ እንስራ። ውስጡ በእበት ይለቀለቅና እሳት ይነድበታል፤ እርጥበቱ ካልወጣ እህሉ ይሻግታል። ከዚያ ጭድ ይጎዘጎዝና ደረቅ ማሽላ ይገባል። አፉ በድንጋይ ተገጥሞ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ አፈር ይለብሳል። ከላዩ ሣር ሲበቅልበት ባዳ የሆነ ሰው አያውቀውም። ይኸ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎተራ ከሩቅ ይታያል፣ ወታደርም ሽፍታም ይመጣበታል። ጉድጓድ የተከፈተ ዕለት ማንም ዘሎ አይገባም። አፉ ተከፍቶ ሲተነፍስ ይውላል፤ ቸኩሎ የገባ ሰው ውስጡ ባለው የታፈነ አየር ራሱን ስቶ ይቀራል። አባቴ መጀመሪያ የበራ ጧፍ በገመድ ያወርድ ነበር፤ ጧፉ ከጠፋ ሰው አይገባም።

ምን እህል የት እንደሚቀመጥም ዕውቀት ነው። ጤፍና ዳጉሳ ቅንጣታቸው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍራቸውም፤ ብዙ ዓመት ይቀመጣሉ። ባቄላና ሽምብራ ግን ቶሎ ይነቅዛሉ፤ በአመድ ታሽተው ካልሆነ ዓመት አይሻገሩም። ስለዚህ ቅድሚያ የሚበላው ቶሎ የሚበላሸው ነው። እዚህ ሱፐር የሚሠራ የልጅ ልጅ አለኝ፤ አዲሱን ወተት ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት ማድረግ ሥራ ስትጀምር አስተማሩኝ ትላለች። ሴት አያቷ ያን ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች።

የዮሴፍን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰባቱን የጥጋብ ዓመትና ሰባቱን የረሃብ ዓመት። ቄሳችን ይኸን ሲያስተምረን ሕልሙን ቶሎ አለፈውና አምስተኛው እጅ ላይ ቆመ። ዮሴፍ ከጥጋቡ ዓመት አዝመራ የወሰደው አምስተኛውን እጅ ነው። «ለምን ግማሹን አልወሰደም?» ብሎ ጠየቀን። ማናችንም አልመለስንም። ግማሹን ቢወስድ ሕዝቡ እህሉን ይደብቅ ነበር፤ አንድ እጅ ከአምስት ግን ሰው ሳይደብቅ ይሰጣል፣ ብሎ ነገረን። ከኦሪት ይሁን ከራሱ አላውቅም፤ ግን ኋላ ሱዳን ውስጥ ከሰው ላይ ለሰው ስንሰበስብ ይኸን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

በመንደራችን ደግሞ የብድር ሥርዓት ነበረ። ለመበለትና ለወላጅ አልባ ልጅ እህል ሲበደር ቁናው በክምር ይሰፈራል፤ ሲመለስ በልሙጥ ይቀበሉታል። ማን ምን እንደተበደረ የሚያውቁት ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። በሰንበት የጸሎት ቤት ደጅ ላይ የማንም ችግር አይጠራም። ሰው ከረሃቡ ይልቅ ስሙ ሲጠራ ይሞታል ይሉ ነበር።

የመንግሥቱን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ከተሰማ በኋላ መንግሥት የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችን የምንለው ማሳ አገኘን፤ ይኸ አይካድም። ግን በ1976 እና በ1977 ረሃቡ ወሎንና ትግራይን ሲያጠፋ፣ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ስታከብር ነበር። ዓለም ያወቀው በፈረንጅ ጥቅምት 1984 የቢቢሲ ሰዎች የኮረምን ሥዕል ካሳዩ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የተማሩት ብዙ ጽፈዋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መጋዘን ያለው ሰው ስለ ረሃቡ ማውራት ካልፈለገ መጋዘኑ ጥቅም የለውም።

በወገራ እንደ ወሎ ያለ ረሃብ አልነበረም፤ የእህል ዋጋ ግን ወጥቶ ነበር፣ የከብት ዋጋም ወርዶ ነበር። እኛ ደግሞ ልባችን ወደ ኢየሩሳሌም ሸፍቷል። በሱዳን በኩል መንገድ እንዳለ ወሬው ከትግራይ ወገኖቻችን ነው የመጣው፤ ፈረደ አክሉም ቀድሞ ገብቶ ያን መንገድ ካስከፈተ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የእኛ መንደር ለመውጣት ሲመክር ሽማግሌዎቹ ያነሱት የአባ ማህሪን ነገር ነው። አባ ማህሪ መሎክሴው በፈረንጅ በ1862 ሕዝቡን አስነስተው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግራቸው መርተው ነበር። ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ወጡ። አክሱም አካባቢ ሲደርሱ በረሃብና በበሽታ ብዙው አለቀ፣ የቀረው ተመለሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲህ አለ፦ «እምነታቸው ከእኛ ይበልጥ ነበር፤ ስንቃቸው ግን አነሰ።» ከዚያ በኋላ ምክሩ ሁሉ ስለ ስንቅ ሆነ።

እንዴት እንደተዘጋጀን ላስረዳችሁ። በሬ በገበያ መሸጥ ምስጢር ማውጣት ነው፤ አንድ መንደር በአንድ ገበያ በሬውን ሁሉ ከሸጠ ሚሊሺያው ምን አሰባችሁ ይላል። ስለዚህ አንዱ በአምባ ጊዮርጊስ፣ ሌላው በሌላ ገበያ፣ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለተዝካር እያለ በየሳምንቱ ተሸጠ። ሴቶቹ በሌሊት ገብስ ቆልተው በሶ ፈጩ፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽምብራ ቆሎ ተዘጋጀ። ልክ የተወሰነው ለአንድ አዋቂ በቀን ሁለት እፍኝ በሶ ነበር። መንገድ መሪዎቹ አሥራ ሁለት ቀን አሉን፤ ሽማግሌዎቹ ለሃያ ይሁን አሉ። በዚህ ላይ ክርክር ነበር። ወጣቶቹ ሸክም በዛ፣ ፍጥነት ይቀንሳል አሉ። በመጨረሻ የሃያ ቀኑ ጸና።

ሌላው ሥርዓት እህሉን በአንድ አህያ አለመጫን ነው። የአንድ ቤት እህል በሦስት ቤት አህያ ተከፋፍሎ ተጫነ። ይኸን የመከረችው ሴት ናት፤ እናቴ። አህያ ገደል ቢገባ ወይም ሽፍታ ቢወስደው አንድ ቤት ብቻውን ባዶ እንዳይሆን። እያንዳንዱ ሰው ደግሞ፣ ሕፃኑም ሳይቀር፣ በወገቡ የሁለት ቀን ቆሎ ታጠቀ። የጉድጓዱን ማሽላ ይዘን መሄድ አንችልም፤ አባቴ ሌሊት ጎረቤታችን ከሆነ አንድ ክርስቲያን ወዳጁ ጋ ሄዶ ቦታውን አሳየው። ለምን እንደሚያሳየው አልነገረውም፣ ሰውዬውም አልጠየቀም።

የወጣነው በ1976 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ ነው፣ ወደ 140 ነፍስ ሆነን። ከወገራ ደጋ ወደ አርማጭሆ ቆላ ወረድን። የመጀመሪያው ሳምንት ስሌቱ ሠራ። በስምንተኛው ቀን ሽፍቶች አገኙንና ከአህዮቹ አብዛኛውን ወሰዱ። እህሉ ተከፋፍሎ ስለነበር ሁሉም ቤት ጎደለበት እንጂ ማንም ባዶ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ የቀረውን ሁሉ አንድ ላይ አፍስሰው፣ በየማታው በአንድ ጣሳ ይሰፍሩ ጀመር። ይኸ ያለ ጠብ አልሆነም። ጥቂት የተረፈላቸው ሰዎች ደብቀው ነበር፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ ልጆቻቸው እዚህ አሉ። ቄሱ አልፈተሸም። «ዛሬ ማታ አቁማዳው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ ያለው ይጨምር» ብሎ ዞር አለ። ጠዋት አቁማዳው ከማታው ከብዶ አገኘነው።

ውሃው ግን ከእህሉ ይከፋ ነበር። ውሃ እንደ እህል አይደርቅም፣ አይቀንስም፤ ሸክሙ ከባድ ነው። በቅልና በስልቻ የያዝነው የሚበቃው ለአንድ ሌሊት ነው። አንገረብን ከተሻገርን በኋላ ከምንጭ ምንጭ ያለው ርቀት ነበር የምንራመደውን የሚወስነው። መጠጣት መጀመሪያ ለልጆች፣ ቀጥሎ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ከዚያ ለተሸከሙት ነው። ሽማግሌዎቹ መጨረሻ ይጠጡ ነበር። ይኸን እንደ ቅድስና አትዩት፤ ሽማግሌው ቀድሞ ቢጠጣ ወጣቱ አይታዘዘውም። አሥራ ሁለት የተባለው መንገድ ሃያ ስድስት ቀን ወሰደ። ከ140 ሰው ስምንት ቀበርን፤ ከነሱ መካከል አባቴ አለ።

ኡም ራኩባ ስንደርስ ደረስን ብለን ነበር። እውነቱ ግን አብዛኛው ሞት ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚሆን ወገናችን አልቋል ይባላል፤ መታሰቢያቸው በሄርጽል ተራራ የቆመው እነሱ ናቸው። ከነዚህም ብዙውን የገደለው ረሃብ ሳይሆን በሽታ ነው፦ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ወባ። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ወባን ሰውነታችን አያውቃትም። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ሰፍሮ፣ መጸዳጃው ከውሃው ሳይርቅ፣ ኩፍኝ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ዕርዳታው አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነበረ። የራሽን ካርድ ይሰጣል፣ በካርዱ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ይጻፋል፣ በዚያው ቁጥር ዱራ፣ ዘይት፣ አንዳንዴም የወተት ዱቄት ይሰፈራል። አሁን ስመለከተው ግን የሚጎድለው ከእህሉ ጎን የሚያስፈልገው ነገር ነበር። ዱራ ጥሬውን ተሰጠን፤ ወፍጮው የት አለ? ማገዶውስ? ማገዶ ፍለጋ ከካምፑ የወጣች ሴት ምን እንደሚያጋጥማት እግዚአብሔር ያውቃል። እናቶቻችን ሸክላ አዋቂዎች ናቸውና ከወንዙ ዳር ጭቃ አምጥተው ድስት ሠሩ፤ ድንጋይ ፈልገው ወፍጮ አደረጉ። አንድ ወፍጮ ለአሥራ አምስት ቤት ሌሊትና ቀን ሲፈጭ ይውል ያድር ነበር። የወተት ዱቄቱ ደግሞ በቆሻሻ ውሃ ሲበጠበጥ ሕፃናቱን ገደላቸው። ይኸን ያወቅነው ከዘገየ በኋላ ነው። አንዲት ነርስ ውሃው ይፍላ፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እየበጠበጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት ብላ አስተማረችን። ስኳር ግን በራሽኑ ውስጥ አልነበረም፤ ከገበያ በገንዘብ ነው።

መቃብሩም ጉልበት ይፈልጋል። በሕጋችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጣል፤ በመንደር ሳለን ይቻላል፤ በቀን ብዙ ሰው በሚሞትበት ቦታ ግን ሁሉ ሰው ተለይቶ ሊቀመጥ ነው። ቄሶቹ ተመካክረው ጥቂት ወጣቶች ለመቅበር ብቻ ተለዩ። ለብቻቸው ይኖራሉ፣ ምግባቸው ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል። ከነዚያ ወጣቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ድረስ ስለዚያ አይናገሩም። ጠይቁ ብዬ አልመክራችሁም።

የጽሑፌ ከባዱ ቦታ እዚህ ነው። ሰው ሲሞት ስሙ በካርዱ ላይ ይቀራል። አምስት ነፍስ የተጻፈበት ካርድ ሁለት ሰው ሞቶበትም የአምስት ይሰፈርለታል፣ ካልተናገረ። በሌላ በኩል በየሌሊቱ አዲስ ሰው ይገባል፤ አዲሶቹ እስኪመዘገቡ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ እስከዚያ ካርድ የላቸውም። ስም የምጽፈው እኔ ነበርኩና ሰው ወደኔ መጣ። ሬሳ ተቀብሮ ሳያድር እናትየዋ ትመጣና «አትሰርዘው» ትለኛለች። አንዳንዷ ስለ እህሉ ነው፤ አንዳንዷ ግን የልጇ ስም ተጽፎ የሚገኝበት ወረቀት ያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ወደ ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ወሰድኩት። አንዱ ወገን ሐሰት ነው፣ የሞተ ሰው አይበላም፣ በሐሰት የተገኘ እህል በረከት የለውም አለ። ሌላው ወገን ሰርዘን ብንነግራቸው እህሉ ተመልሶ መጋዘን ይገባል እንጂ ለአዲሶቹ አይደርስም አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለት ቀን ተከራከሩ። የተወሰነው እንዲህ ነው፦ ስሙ አይሰረዝም፤ ግን በሟቹ ስም የተሰፈረውን ዱራ ያ ቤተሰብ አይበላውም። ተለይቶ በአንድ ጎጆ ይቀመጣል፤ በሌሊት ለገቡና ካርድ ለሌላቸው፣ እንዲሁም አባት እናት ለሞተባቸው ልጆች ይሰጣል። አዲሱ ሰው ካርድ ያገኘ ዕለት ያቆማል። እኔ ሌላ ደብተር ያዝኩ፤ በአንድ ገጽ የሞቱት፣ ትይዩው ላይ በዚያ ስም የሚበሉት። አንዲት ሴት ልጇን ቀብራ በሳምንቱ የልጇን ጣሳ ዱራ ተሸክማ መጥታ ጎጆው ውስጥ ስታፈስ አይቻለሁ። ቀሪ ልጆቿም የተራቡ ነበሩ። ውሳኔው ልክ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በዚያ ጎጆ እህል የተረፉ ሰዎች ዛሬ በነታንያና በአሽዶድ የልጅ ልጅ አይተዋል እላችኋለሁ። ያች ሴት ግን ውሳኔውን አልወደደችውም፤ እስክትሞት ድረስ ነገራኛለች።

ለተራበ ሰው ማብላትም ራሱ ዕውቀት ነው። ከመንገድ የደከመ ሰው ሲገባ ዘመዱ አዝኖ ጠግበህ ብላ ይለዋል፤ በልቶ ያድርና ጠዋት ይሞታል። አሮጊቶቹ ይኸን ከክፉ ቀን ወሬ ያውቁት ነበር። ቀጭን አጥሚት፣ በትንሽ ኩባያ፣ በየሰዓቱ፤ ጠጣር እህል ከሦስት ቀን በኋላ። አንዲት አሮጊት በዱላ የሰው ሳህን ስትደፋ አይተን ተቆጥተናት ነበር፤ እሷ ናት ልክ።

ገንዘቡ የመጣው በኮሚቴዎቹ በኩል ነው። ኮሚቴ የምንላቸው ከወገናችን የሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ ከእስራኤል ሰዎች ጋር በምስጢር ይገናኛሉ፣ በሌሊት እየዞሩ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ የሱዳን ገንዘብ ያከፋፍላሉ። ቢያዙ የሚጠብቃቸው እስር ቤትና ድብደባ ነው፤ ደርሶባቸዋልም። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ከራሽኑ የጎደለውን ሞላ፦ ስኳር፣ ከሰል፣ መድኃኒት። ስለ አከፋፈሉ ሐሜት ነበረ፣ አሁንም አለ፤ ለዘመዱ አበዛ፣ ለእገሌ አሳነሰ ይባላል። እኔ ደብተር የያዝኩ ሰው ነኝና ይኸን ሐሜት አውቀዋለሁ። በጨለማ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ፖሊስ እያሳደደህ ገንዘብ ማካፈልን ሳይሞክር የሚናገር ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ በፈረንጅ ኅዳር 21 ቀን 1984 በረራው ተጀመረ፤ እናንተ የሙሴ ዘመቻ የምትሉት። ከገዳሪፍ በአውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም በሌሊት በአውሮፕላን። ማን ይቅደም የሚለው እንደገና የስም ዝርዝር ጉዳይ ሆነ፤ በእኛ በኩል የታመሙትና ወላጅ ያጡት ልጆች ይቅደሙ ተባለ። ወሬው ወጥቶ በጥር 5 ቀን 1985 ሲቋረጥ መቶዎች እዚያው ቀሩ። በመጋቢት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ወደ 500 የሚሆኑትን አወጡ። እኔ ከባለቤቴና ከተረፉት ልጆቻችን ጋር በታኅሣሥ ገባን። ደብተሩን ካርቱም ላይ ውሰድ አትውሰድ ሲሉኝ አቃጠልኩት፤ ቢያዝ የሰው ሁሉ ስም ነው።

በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጅ በ1990 ክረምት፣ እኅቴና ልጆቿ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ከወረዱት በሺህ ከሚቆጠሩ ወገኖቻችን ጋር ነበሩ። በዚያም መጀመሪያ የኡም ራኩባ ነገር ሊደገም ነበር፤ የተጨናነቀ ቤት፣ ኩፍኝ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ በየሳምንቱ ቀብር። እዚያ ግን ጆይንት ክሊኒክ ከፈተ፣ ክትባት ሰጠ፤ ከሁሉም በላይ ከወገናችን ወጣቶች መርጦ አሠልጥኖ ቤት ለቤት ላካቸው። የታመመው ወደ ክሊኒኩ እስኪመጣ አልጠበቁም። ወጣቶቹ በየቤቱ እየገቡ ማን ሳለ፣ ማን ትኩሳት አለው፣ የትኛው ልጅ አልተከተበም ብለው ይጽፋሉ፤ መድኃኒቱን መዋጡን ቆመው ያያሉ። በጥቂት ወራት ሞቱ እጅግ ቀነሰ። ሰዎቹ ያው እኛው ነን፣ ድህነቱም ያው ነው። ይኸን እኅቴ ስትነግረኝ ደስ አለኝ፣ ደግሞም ቆጨኝ፤ ከስድስት ዓመት በፊት ያች በየቤቱ የምትዞር ልጅ ኡም ራኩባ ውስጥ ብትኖር ኖሮ ብዬ።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰው ሲገባ እኅቴ አንዷ ነበረች። ልብሷ ላይ ቁጥር ተለጥፎባት፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ወረደች። ዕቃ አልያዘችም፤ አትያዙ ተብለዋል። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ስትፈታ የልጆቿ የክትባት ካርድ ነበር፣ ሦስቱም።